ከመኝታ ቤታችሁ መስኮት መውጣት ትችላላችሁ? የ1956ቱን ቤታችንን መስኮቶችና የጓሮ በር ስንቀይር ያየሁት

በልጆቼ መኝታ ቤት ከወለሉ እስከ መስኮቱ የታችኛው ጠርዝ 52 ኢንች ነበር። በሜትር 1 ሜትር ከ32 መሆኑ ነው። ትልቋ ልጄ ያኔ 8 ዓመቷ ነበር፣ ትንሹ 5። እዚያ ቤት 6 ዓመት ስንኖር አንድ ቀን እንኳ ለክቼው አላውቅም ነበር።

መስኮት ለመቀየር የተነሳነው በብርዱ ምክንያት ነው። እየቆየ ግን ከብርዱ የበለጠ ያ 52 ኢንች እንቅልፍ ነሳኝ። ይህን የምጽፈው እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና ዊተን አካባቢ፣ ወይም በሌላ ስቴት አሮጌ ቤት ገዝታችሁ መስኮት ለመቀየር ለምታስቡ ነው። ከሻጭ ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት አንብቡት፤ እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከፈረምኩ በኋላ ነው።

ቤታችን በ1956 የተሠራ የጡብ ቤት ነው። ፎቅ የለውም፤ ረዘም ብሎ መሬት ላይ የተኛ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ክፈፉ ወደ ውጭ ወጣ ያለ። እዚህ አካባቢ ራምብለር ይሉታል፣ ሌላው አሜሪካ ራንች ይለዋል። አሠራሩ የመጣው ከካሊፎርኒያ ነው። ክሊፍ ሜይ የሚባል ሰው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሳን ዲዬጎ ላይ እንዲህ ያሉ ቤቶች መሥራት ጀመረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤት ፈላጊው ሲበዛ በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። ይህን ማወቅ መስኮቶቹን ለመረዳት ይረዳል። የቤቱ ትልቁ ሐሳብ ሳሎኑን ከጓሮው ጋር በሰፊ መስታወት ማገናኘት ነው፤ ስለዚህ ከሳሎን በተንሸራታች የመስታወት በር ትወጣላችሁ። መኝታ ቤቶቹ ላይ ደግሞ አጠር ያለ ሰፊ መስኮት ግድግዳው ላይ ከፍ ተደርጎ ይገጠማል። ጎረቤት ወደ ውስጥ እንዳያይ፣ ከሥሩም አልጋና ቁም ሳጥን እንዲቆም ታስቦ ነው። ሁለቱም ያምራሉ። ሁለቱም ግን ዛሬ ስናያቸው አደጋ አላቸው፤ እመጣበታለሁ።

እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣችው ጥር ላይ ነበር፣ ብርዱ በጠነከረበት። ሳሎን ውስጥ ጋቢ ተከናንባ ትቀመጣለች። «ይሄ ንፋስ ጀርባዬን ወጋኝ» ትለኛለች። በሩ ተዘግቷል እማዬ እላታለሁ። «ተዘግቶም እኮ ነው የሚገባው!» አለችኝ አንድ ቀን፣ እጇን በሩ ጠርዝ ላይ አስጠግታ። እኔም እጄን አስጠጋሁ፤ እውነቷን ነው። ፍሬሙ ተራ አሉሚኒየም ነው፣ መስታወቱ አንድ ነጠላ። አሉሚኒየም ቅዝቃዜን ከውጭ ወደ ውስጥ ያለምንም ችግር ያሳልፋል። ጠዋት ጠዋት ፍሬሙ ውስጥ በኩል ውርጭ ይይዛል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይቀልጥና ውሃው ደፉ ላይ ይተኛል። ከመጋረጃው ጀርባ ጥቁር ሻጋታ አገኘን። ትንሹ ልጄ ሳል አልለቀው ብሎ ነበርና ባለቤቴ ያን ቀን ወሰነች፤ «ዘንድሮ ይቀየራል» አለች።

ከዚያ የሠራሁት ስህተት ይኸውና። በፖስታ የመጣ ማስታወቂያ አይቼ ደወልኩ። አንድ ሻጭ ማታ ቤታችን መጣ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ተቀመጠ። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ቡና ጠጥቶ አመስግኗል። ናሙና መስታወት አውጥቶ በመብራት እያሞቀ እጃችንን እንድናስጠጋ አደረገን፤ በአሮጌው በኩል ይሞቃል፣ በእነሱ በኩል አይሞቅም። ከዚያ ለ9 መስኮትና ለጓሮ በሩ 34,000 ዶላር ብሎ ጀመረ። ደነገጥን። አለቃው ጋ ደወለ፣ ቀነሰ። እንደገና ደወለ፣ 24,500 አደረሰው። «ይህ ዋጋ ግን ለዛሬ ማታ ብቻ ነው» አለ። ፈረምን።

ሌሊቱን አልተኛሁም። በማግስቱ የሥራ ባልደረባዬ «ሦስት ቀን አለህ እኮ» አለኝ። ይህን ሁሉም ሰው ሊያውቀው ይገባል። በፌደራል ሕግ መሠረት ሻጭ ቤታችሁ መጥቶ 25 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ነገር ከሸጠላችሁ፣ እስከ 3ኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ውሉን ማፍረስ ትችላላችሁ፣ ምክንያት መስጠትም የለባችሁም። ቅዳሜ እንደ ሥራ ቀን ይቆጠራል፣ እሑድና የፌደራል በዓል አይቆጠሩም። ሻጩ የማፍረሻ ቅጽ ሁለት ቅጂ ሊሰጣችሁ ግዴታው ነው። አንዱን ፈርማችሁ ትልካላችሁ፣ አንዱን ታስቀምጣላችሁ። እኔ ፖስታ ቤት ሄጄ በተመዘገበ ደብዳቤ ላክሁት፣ ደረሰኙንም ይዣለሁ። በስልክ ብቻ እንዳትነግሩ፤ በጽሑፍ ይሁን። የሰጠነውን ቅድሚያ ክፍያ መለሱልን።

ቀጥሎ የረዳን ሰው ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንድ ጋሼ ናቸው። እዚህ አገር ብዙ ዓመት በግንባታ ሥራ የኖሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥተው ቤቱን ዞሩልን። ሳሎኑን አላዩትም፤ ቀጥታ ልጆቹ መኝታ ቤት ገቡና ሜትራቸውን ከወለሉ ወደ ላይ ዘረጉት። «52» አሉ። ከዚያ መስኮቱን ከፍተው የሚከፈተውን ክፍል በአግድምና በቁመት ለኩ። ዞር ብለው «ልጄ፣ እሳት ቢነሳና ኮሪደሩ በጭስ ቢሞላ እነዚህ ልጆች በየት ይወጣሉ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም።

ቁጥሮቹን እነሆ፤ አስታውሷቸው። በአብዛኛው አሜሪካ የሚሠራበት የመኖሪያ ቤት ኮድ የመኝታ ቤት መስኮት ለድንገተኛ መውጫ እንዲሆን የሚጠይቀው፦ የሚከፈተው ክፍል ታችኛው ጠርዝ ከወለሉ ከ44 ኢንች እንዳይበልጥ፣ ክፍት ስፋቱ ቢያንስ 20 ኢንች፣ ክፍት ቁመቱ ቢያንስ 24 ኢንች፣ ጠቅላላ ክፍቱ ደግሞ ቢያንስ 5.7 ስኩዌር ፊት፤ መስኮቱ ከመሬት ደረጃ ላይ ከሆነ 5 ስኩዌር ፊት ይበቃል። መጠኑ እንዲህ የሆነው ሰው እንዲወጣ ብቻ ሳይሆን የእሳት አደጋ ሠራተኛ ዕቃውን ተሸክሞ እንዲገባም ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ። 20 በ24 የሆነ ክፍት 3.3 ስኩዌር ፊት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ዝቅተኛ ልኮች ማሟላት ብቻውን አያልፍም፣ አንዱ መጨመር አለበት። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ስፋቱን በቁመቱ በኢንች አባዙና ለ144 አካፍሉ። የምትለኩትም መስታወቱን ወይም ፍሬሙን ሳይሆን መስኮቱ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ሰው የሚያልፍበትን ባዶ ቦታ ነው።

የእኛ መስኮት 48 በ28 ኢንች ነበር፣ በአግድም የሚንሸራተት። ተንሸራታች መስኮት ግማሹ ብቻ ነው የሚከፈተው። ስለዚህ ክፍቱ 22 በ25 ገደማ፣ ማለትም 3.8 ስኩዌር ፊት። እሱም ከ8 ዓመት ልጅ ትከሻ በላይ ተሰቅሎ።

በጣም የከነከነኝ ቀጥሎ የሰማሁት ነው። ያ ሻጭ ሊገጥምልን የነበረው ኢንሰርት የሚባለው ነው። አሮጌው ፍሬም ግድግዳው ውስጥ እንዳለ ይቀራል፣ አዲሱ ሙሉ መስኮት ከነፍሬሙ እሱ ውስጥ ይሰካል። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ግድግዳም አይነካም። የእንጨት ፍሬሙ ጤነኛ ለሆነ ቤት ጥሩ አማራጭ ነው፣ አልቃወመውም። ግን ፍሬም ውስጥ ፍሬም ሲገባ ክፍቱ ከአራቱም በኩል ይጠባል። የእኛ ከ3.8 ወደ 3 ስኩዌር ፊት ገደማ ይወርድ ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ መስታወት ሲነገረን ስለዚህ አንድ ቃል አልሰማንም። አሮጌ ቤት ላይ የነበረውን ክፍተት ሳትነኩ መስኮት ስትቀይሩ ብዙ ቦታ ሕጉ አዲሱን ልክ አያስገድድም፤ ስለዚህ ማንም አይጠይቃችሁም። ራሳችሁ መጠየቅ አለባችሁ።

ሌላው አማራጭ ፉል ፍሬም ነው። አሮጌውን ሙሉ በሙሉ ነቅሎ እስከ ግድግዳው እንጨት ድረስ ማውጣት። ይወደዳል፣ ግን ውስጡ የበሰበሰ ካለ ይታያል፣ መስታወቱም አይጠብም። ለመኝታ ቤቶቹ ግን እሱም አይበቃም ነበር፤ ክፍተቱን ራሱን ወደ ታች ማውረድ ነበረብን። ይህን ስሰማ ቤቱን ማፍረስ መሰለኝ። ጋሼ አረጋጉኝ። ስፋቱን ካልነካችሁ ከላይ ያለውን ጡብ የተሸከመው ብረትም ሆነ ከውስጥ ያለው ተሸካሚ እንጨት እንደነበረ ይቆያል። የሚቆረጠው ከመስኮቱ በታች ያለው ጡብና እንጨት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከራሱ በላይ የሚሸከመው ነገር የለም። ስፋት መጨመር ግን ሌላ ሥራ ነው፣ መሐንዲስና አዲስ ተሸካሚ ይጠይቃል፣ ዋጋውም ይንራል። ስለዚህ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች አስቡ። ከመቁረጥ በፊት እዚያ ግድግዳ ውስጥ የመብራት ሽቦ ወይም የማሞቂያ ቧንቧ አለመኖሩ ይረጋገጥ። ክፍተት ስታሰፉ ወይም ስታወርዱ ፐርሚት፣ ማለትም የግንባታ ፈቃድ፣ ያስፈልጋል። የምንኖርበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ የፐርሚት ቢሮ ዊተን ውስጥ ሪዲ ድራይቭ ላይ ነው።

ሁለቱን መኝታ ቤቶች 14 ኢንች አወረድናቸው። አሁን ክፍቱ 22 በ38 ነው፣ 5.8 ስኩዌር ፊት፤ የሚከፈተው ክፍል የታችኛው ጠርዝም፣ ከፍሬሙ ውፍረት ጋር፣ ከወለሉ 40 ኢንች። ክፍሉ ራሱ ሌላ ሆነ። ልጆቹ አልጋ ላይ ተቀምጠው ዛፉን ያያሉ።

እግረ መንገዴን ስለ ብረት ፍርግርግ ልናገር። እኛ አዲስ አበባ ላይ መስኮት ሁሉ ፍርግርግ ያለበት ሆኖ ነው ያደግነው፣ ስለዚህ አሮጌ ቤት ስንገዛ መስኮቱ ላይ ብረት ካለ ደስ ይለናል። የማውቃቸው ሁለት ቤተሰቦች እንዲህ ያለ ቤት አላቸው። የመኝታ ቤት መስኮት ላይ ያለ ፍርግርግ ከውስጥ ያለ ቁልፍና ያለ መሣሪያ የሚከፈት መሆን አለበት። ካልሆነ ዛሬውኑ አስቀይሩት ወይም አስነሱት። መስኮት እስክትቀይሩ አትጠብቁ።

አሁን ወደ ጓሮ በሩ። ጋሼ በሩ ጋ ተንበርክከው የመስታወቱን አራት ማዕዘን በባትሪ አዩት። የሚፈልጉት መስታወቱ ላይ የታተመ ትንሽ ምልክት ነው፣ ቴምፐርድ መሆኑን የሚገልጽ። የለም። ቴምፐርድ መስታወት ሲሰበር እንደ ጠጠር ይበታተናል። ተራ መስታወት ግን እንደ ቢላዋ ረጃጅም ሆኖ ይወርዳል። የፌደራሉ የደኅንነት መስታወት ደንብ በሥራ ላይ የዋለው በ1977 ነው፤ ከዚያ በፊት የተገጠመ የጓሮ በር ተራ መስታወት ሊሆን ይችላል። ትንሹ ልጄ ከሳሎን ወደ ጓሮ የሚሮጠው በዚያ በር ነው። ኳሱም የሚመታው እሱን ነው። ያን ማታ በሩ ላይ በልጁ ዓይን ትክክል ቀይ ቴፕ ለጠፍን፣ እስኪቀየር ድረስ። እባካችሁ ማዕዘኑን ሄዳችሁ እዩ። መስኮት ለመቀየር ገንዘብ ባይኖራችሁ እንኳ በሩን ብቻ አስቀድሙ። አዲስ ስትገዙም የበሩ ብቻ አይደለም፤ ከበር ጎን በ24 ኢንች ውስጥ ያለ መስኮትም፣ ወደ ወለሉ የወረደ ትልቅ መስታወትም ቴምፐርድ መሆን አለበት። ትዕዛዙ ላይ ተጽፎ እዩት፣ ምክንያቱም ዋጋው ስለሚጨምር የሚዘለልበት ጊዜ አለ።

ከዚያ ዋጋ ማሰባሰብ ጀመርን፣ ከአራት ቦታ። ሜሪላንድ ውስጥ የቤት ሥራ የሚሠራ ኮንትራክተር የስቴቱ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው፣ ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ማየት ይቻላል። ቅድሚያ ክፍያም ከውሉ ዋጋ ሲሶ በላይ መቀበል ሕግ ይከለክለዋል። ግማሹን አምጡ ያለን አንድ ነበረ፣ ተሰናበትን። ወገን ለወገን ብለን በአፍ ቃል ብቻ የምንስማማበት ልማድ አለን፤ ፈቃድ ከሌለው ሰው ጋር ከሆነ ግን ሥራው ቢበላሽ የስቴቱ የካሳ ፈንድ አይደርስላችሁም። ወገንን ማሠራት ጥሩ ነው፣ እኔም ደስ ይለኛል። ፈቃዱ ግን ይታይ፣ ውሉም ይጻፍ።

በጣም ርካሹ ዋጋ የመጣው «በአንድ ቀን እንጨርሳለን» ካለ ሰው ነው። ቤቱ የ1956 ነው፣ ሌድ አለበት? ብዬ ጠየቅኩት። «ግድ የለም፣ እንጠነቀቃለን» አለ። ግድ አለው። ሌድ ማለት ድሮ ቀለም ውስጥ ይገባ የነበረው እርሳስ የሚባለው ብረት ነው፤ ለቤት ቀለም የታገደው በ1978 ነው። አሮጌ መስኮት ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ሲነቀልም ይበልጥ፣ የተፋቀው ቀለም አቧራ ይሆናል፤ ልጆች ወለል ላይ ይጫወታሉ፣ እጃቸውን አፋቸው ይከታሉ፣ አእምሯቸውን ይጎዳል። ከ2010 ጀምሮ በፌደራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ደንብ መሠረት ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት መስኮት የሚቀይር ድርጅት የሌድ ሥልጠናና ምስክር ወረቀት ሊኖረው፣ ከሥራው በፊትም የማስጠንቀቂያ መጽሔት ሊሰጣችሁ ይገባል። ምስክር ወረቀቱን አሳዩኝ በሉ። እኛ የመረጥነው ድርጅት ሲመረምር የመኝታ ቤቶቹ የእንጨት ደፍ ላይ ሌድ ተገኘ። ወለሉን ሁሉ በፕላስቲክ ሸፈኑ፣ በሩን ዘጉ፣ በልዩ ማጣሪያ ባለው መጥረጊያ ጠረጉ። ልጆቹን ሦስት ቀን እህቴ ቤት አሳደርናቸው። መስታወቱን የያዘው የደረቀ አሮጌ ስቱኮም አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል ራሳችሁ በመዶሻ እየመታችሁ ለማንሳት እንዳትሞክሩ።

ስለ መስታወቱ ምርጫ ብዙ አልደክምም። እያንዳንዱ አዲስ መስኮት ላይ ኤንኤፍአርሲ (የመስኮትን አቅም የሚመዝነው ድርጅት ስም) የሚል መለያ ወረቀት ይለጠፋል። ሁለት ቁጥር ብቻ እዩ። ዩ-ፋክተር የሚለው ሙቀት ምን ያህል እንደሚያመልጥ ይናገራል፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። የእኛ ነጠላ መስታወት ከነአሉሚኒየሙ ከ1 በላይ ነው፤ ኃይል ቆጣቢ ዕቃ የሚለይበት የኢነርጂ ስታር የአሁኑ መስፈርት ለሜሪላንድ 0.25 ወይም ከዚያ በታች ነው፣ ወደ ሰሜን ለቀዝቃዛው አገር ደግሞ 0.22። ሁለተኛው ምን ያህል የፀሐይ ሙቀት ወደ ቤት እንደሚገባ የሚናገረው ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ራንች ቤት የራሱ ጠባይ አለው። ሰፊው ክፈፍ በሞቃቱ ወራት ከላይ የሚመጣውን ፀሐይ በደቡብ በኩል ይከላከላል፣ ስለዚህ እዚያ ብዙ አትጨነቁ። በምዕራብ ግን ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከክፈፉ ሥር ትገባለች። የእኛ የጓሮ በር ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ለእሱ ዝቅተኛ ቁጥር መረጥን፣ ነሐሴ ላይ ልዩነቱን አየነው። ሦስት መስታወት ያለውን ሊሸጡልን ሞክረው ነበር፤ ለሚኒሶታ ይገባኛል፣ ለዚህ አገር ዋጋውን አላወጣልኝም።

ገንዘቡን በተመለከተ እውነቱን ልንገራችሁ። መስኮት መቀየር የመብራትና የጋዝ ወጪን ይቀንሳል፣ ግን ያወጣችሁትን ቶሎ አይመልስም። «በአምስት ዓመት ራሱን ይከፍላል» የሚላችሁን አትመኑ። ወጪ መቀነስ ብቻ ከሆነ ዓላማችሁ መጀመሪያ ጣሪያው ውስጥ የሙቀት ማገጃ ጨምሩ፣ ቀዳዳዎቹን ድፈኑ፤ በጥቂት ገንዘብ ብዙ ታተርፋላችሁ። የፌደራሉ የመስኮትና የበር የታክስ ክሬዲትም ከ2025 መጨረሻ በኋላ ለሚገጠም አይሠራም። አሁን ሻጭ እሱን እየጠቀሰ ዋጋ ካቀለለላችሁ ተጠንቀቁ። እኛ የከፈልነው ጠቅላላ 19,600 ዶላር ነው፣ የሁለቱን መኝታ ቤቶች ጡብ መቁረጥ ጨምሮ። ከመጀመሪያው ሻጭ «የዛሬ ማታ» ዋጋ ያነሰ፣ ሥራው ግን የበዛ።

ሥራው ሲጀመር የጓሮ በሩ ሥር ችግር ተገኘ። አሮጌው በር ሲነሳ ከሥሩ ያለው እንጨት በእጅ የሚፈርስ ሆኗል። በእነዚህ ቤቶች የጓሮው ኮንክሪት ከቤቱ ወለል ጋር እኩል ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው፣ ስለዚህ ዝናብ ሲመታ ውሃው በሩ ሥር ይገባል፣ ዓመት ከዓመት። ደግነቱ ጋሼ ውሉ ላይ አስቀድመን እንድናስገባው ነግረውን ነበር፤ የበሰበሰ እንጨት ከተገኘ በአንድ ፊት ርዝመት ስንት እንደሚከፈል። ይህን ካላስገባችሁ በሩ ተነቅሎ ቤቱ ክፍት ሆኖ ሳለ ነው የምትደራደሩት፣ ያኔ ደግሞ ጉልበት የላችሁም።

አዲሱ በር ከመቀመጡ በፊት ሥሩ ውሃ ይዞ ወደ ውጭ የሚያፈስ ትሪ መሰል ነገር መነጠፍ አለበት፣ ፓን ይሉታል። ፎቶ አንሱት፣ በኋላ ስለማይታይ። ደፉም በውሃ ልክ መለካት አለበት፤ ተንሸራታች በር ደፉ ከተዛነፈ በዓመቱ ጎማው ይበላል፣ ሐዲዱ ላይ ይጎተታል፣ ቁልፉም አልገናኝ ይላል። ክፍተቱን ለመሙላት የሚረጨው ፎም ለመስኮትና ለበር ተብሎ የተሠራ፣ ብዙ የማያብጥ ይሁን። ተራው ፎም እያበጠ ፍሬሙን ያጣምማል፣ ከዚያ መስኮቱ አልከፈት ይላል። ከታች ከውጭ በኩል ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ደግሞ ማንም በሲሊከን እንዳይደፍንባችሁ። ውሃ መውጫ ናቸው። አንዱ ልጅ ለጥንቃቄ ብሎ ሁለቱን ደፍኖብኝ ነበር፤ አይቼ አስከፈትኩት።

የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠቴ በፊት እያንዳንዱን መስኮት ራሴ ከፍቼ ዘጋሁ። ማታ መብራት አጥፍተን ባለቤቴ ከውጭ በባትሪ ጠርዝ ጠርዙን አበራች፣ እኔ ከውስጥ አየሁ። አንዱ ላይ ብርሃን ገባ፣ በማግስቱ መጥተው አስተካከሉ። ከኮንትራክተሩም ለዕቃ አቅራቢውና ለሠራተኞቹ መክፈሉን የሚገልጽ ፊርማ ተቀበልን። እሱ ለእነሱ ካልከፈለ እነሱ ቤታችሁ ላይ ዕዳ ሊያስመዘግቡ ይችላሉ፣ እናንተ ሙሉውን ብትከፍሉም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ ቅዳሜ ልጆቹን መኝታ ቤታቸው አስገብተን በሩን ዘጋንና «አሁን በመስኮቱ ውጡ» አልናቸው። ልጄ መስኮቱን ከፈተች፤ ግን ቆመች። የትንኝ መከላከያው መረብ ከፊቷ አለ። እንዳይቀደድ ፈራች፣ ምክንያቱም እኛው ነን እንዳትነኪው ስንላት የኖርነው። መረቡን እንዴት ገፍታ እንደምትጥለው አሳየኋት። ወንድሟ ደግሞ መቆለፊያው ለጣቱ ጠነከረበት፣ ዘይት አደረግንበት፣ ደጋግሞ ሞከረ። ከመስኮቱ ሥር ዝቅ ያለ ጠንካራ ሳጥን አስቀመጥንለት፣ ላዩ ላይ ምንም እንዳይቀመጥ ተስማማን። በሦስተኛው ሙከራ ሁለቱም ብቻቸውን ወጥተው ጓሮው ላይ ካለው ዛፍ ሥር ቆሙ፤ መገናኛችን እዚያ ነው ብለናቸዋል። በየሦስት ወሩ እንደግመዋለን።